ቀኑን ማን ነካው?

ዘርፈሽ በነጻ ተገኝቶ በሰላም ያደረ ነገር አይታ አታውቅም። በነጻ የተሰጠ ዶሮ በሽታውን ይዞ ይመጣል፤ በነጻ የተሳፈሩበት መኪና ጉደር ሳይደርስ ጎማው ይፈነዳል። ስለዚህ ልጇ ምኞት ከጅማ ለዕረፍት መጥታ፣ "እማዬ፣ ይሄ ሊኑክስ የሚባለው በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ፕሮግራም በነጻ ነው፤ የፍላሽ ቫይረስም አይነካውም" ያለቻት ቀን ጠረጠረች።

"ማን ነው በነጻ የሚሰጠው?"

"በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች ተባብረው የሠሩት ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ ያሻሽለዋል።"

"የፈለገ ሁሉ የሚገባበት ቤት ምን ዕቃ ይተርፈዋል?" አለች ዘርፈሽ።

እውነቱን ለመናገር ግን ዊንዶውሱም አላኖራትም ነበር። ከዞኑ ቢሮዎች ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው። የአምቦ ሰው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹም ቫይረሱን ይዞ ይመጣል። ዛሬ የተጻፈ ነገ ሲከፈት የለም። ቴክኒሻን ይጠራል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ፎርማት ያደርገዋል፤ ከቫይረሱ ጋር የሰው ሥራ አብሮ ይጠረጋል። አንድ መምህር የፈተና ወረቀቱ ጠፍቶበት በሯ ላይ ቆሞ የጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ። እንግዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከሁለት መከራ አዲሱን መረጠች።

ምኞት ሲዲውን አስገብታ ስትጭን ዘርፈሽ ከጀርባዋ ቆማ የእያንዳንዱን ገጽ እንግሊዝኛ እያነበበች ታስደነግጣት ነበር። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው በከንቱ አይደለም።

"ምኞት! 'ዲስኩን በሙሉ አጥፋ' ይላል! አትንኪው!"

"ማጥፋት አለበት እማ፣ የሚገባበት ቦታ ይፈልጋላ።"

"እንግዳ ቤት ሲገባ ባለቤቱን ያባርራል እንዴ?"

ተጫነ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የንዴት ሳምንት ነበር። ፕሪንተሩ መጀመሪያ "አላውቅህም" አለ፤ ምኞት ቀኑን ሙሉ ስትለምነው ውላ አወቀው። አማርኛ ለመጻፍ የዘርፈሽ ጣት የለመደው ቁልፍ ሌላ ፊደል ያወጣ ጀመር። በፍላሽ ያተረፈቻቸው የድሮ የአማርኛ ፋይሎቿ ሲከፈቱ የጉንዳን ሰልፍ መሰሉ። ያለ ጣጣ የሄደው የአፋን ኦሮሞው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ቁቤው በላቲን ፊደል ስለሆነ ምንም አላስፈለገውም። ደግነቱ አብዛኛው ሥራዋ እሱ ነው። ምኞት ወደ ጅማ ከመመለሷ በፊት ለማመልከቻ የሚሆን አንድ ቅጽ አዘጋጀችላትና፣ "ቀን እንኳ መጻፍ አያስፈልግሽም፤ ራሱ ያወጣልሻል" አለቻት።

ዘርፈሽ ራሱ የሚሠራ ነገርም አይታ አታውቅም።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ የካቲት ላይ ደረሰ። ኡርጌ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ የዝውውር ማመልከቻ አጽፋ ሄዳ በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን እያርገበገበች ተመለሰች።

"እትዬ ዘርፈሽ፣ የት ነው የወሰድሽኝ?"

"ምን ሆንሽ ደግሞ?"

"ቀኑን እዪዋ! ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት! የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ 'እህቴ፣ ገና ነሽ፤ ስምንት ዓመት ቆይተሽ ተመለሺ' ብሎ ቢሮ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ።"

ዘርፈሽ አየችው። እውነት ነው፣ የፈረንጁን ቀን ነው ያወጣው። ይቅርታ ጠይቃ፣ በእጇ አስተካክላ አተመችላት። ኡርጌ ከወጣች በኋላ ግን ተቀምጣ አሰበች። ዛሬ ኡርጌ ናት፤ ነገ ሌላ ነው፤ ከነገ ወዲያ ጡረታውን የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። በየወረቀቱ ከማሳደድ ምንጩን መድፈን ይሻላል። በስክሪኑ ማዕዘን ላይ ያለውን ሰዓት ነካች፤ የሚስጥር ቃል ጠየቃት፤ ምኞት በወረቀት ጽፋ የተወችላትን አስገባች። ዓመቱን 2004 አለችው። ወሩን ስድስት። እግረ መንገዷንም ሰዓቱን ወደ ሰው ሰዓት መለሰችው፤ ፀሐይ ከወጣች ሦስት ሰዓት ሆኖ ሳለ ዘጠኝ ማለት ምን የሚሉት ነው? ቅጹን ስትከፍት የዛሬው ቀን፣ የአገሩ ቀን፣ ቁጭ ብሏል።

ለዓመታት ሲያናድዳት የኖረ ነገር ለአንድ ጊዜ እንኳ ሲታዘዛት ደስ አላት። ደስታ ግን ለዘርፈሽ አይስማማትም፤ ወዲያው ምን ሊመጣ ነው ብላ መፍራት ጀመረች።

ያንኑ ቀን የመጡት ገበሬው ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ከሸነን በጠዋቱ መኪና ተነሥተው ከምሳ በኋላ ደረሱ፤ ጋቢያቸው ላይ የመንገዱ አቧራ አለ። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው የወረዳውን ፍርድ ቤት ውሳኔ ከደረት ኪሳቸው አወጡ።

"አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ አዴ ዘርፈሽ። ይግባኝ ነው። የመጨረሻው ቀን ነገ ነው።"

"ነገ? ኦቦ ዲንሳ፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?"

"ምስክሬን ስጠብቅ። ሰውዬው ታሞ ነው ያን ጊዜ ያልመጣው፤ ወሰኑን ከአባቴ ጋር የተከለ እሱ ነው። አሁን ድኗል። ሳይድን ምን ብዬ ላጽፍ?"

ነገሩ ግልጽ ነበር። ከወንዙ ዳር ያለውን መሬት ጎረቤታቸው የእኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል፤ ምስክር ስላልቀረበላቸው ተረትተዋል። ነገ ይግባኙ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካልገባ መሬቱ ሄደ። የሚያርሱትም፣ ከብቱ የሚጠጣበትም እሱ ነው።

ኦቦ ዲንሳ ተናገሩ፤ ዘርፈሽ ጻፈች። ሽማግሌው ሲናገሩ እንደ ሌላው ሰው አይናገሩም፤ ዛፉን በስሙ፣ ድንጋዩን በመልኩ፣ ማን መቼ ምን እንዳለ፣ የአጎታቸውን ንግግር ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ያወርዱታል። ዘርፈሽ ስድቡን እየተወች ቁም ነገሩን ምኞት ባዘጋጀችው ቅጽ ላይ በቁቤ አሰፈረችው። አምስት ገጽ ሞላ። ሰነዱን አስቀምጣ ፕሪንተሩን ልታበራ እጇን ስትዘረጋ መብራት ጠፋ።

ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ አልመጣም።

"ግድ የለም፤ ጠዋት እመጣለሁ" አሉ ኦቦ ዲንሳ። "ዘመድ ቤት አድራለሁ። ጽሑፉ አለ አይደል?"

"አለ" አለች ዘርፈሽ። አለ ያለችበት ድምፅ ራሷንም አላሳመናትም።

በማግስቱ ጠዋት መብራቱ መጥቶ ነበር። ኮምፒውተሩን አበራችው። አጉረመረመ፣ አርማውን አሳየ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረና በላዩ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ መስመሮች ተደርድረው ቀጥ አሉ። አጠፋችው፤ አበራችው። ያው ነው። ባሏ ሀብተሥላሴ የበቆሎ መኪና ይዞ ባኮ ሲሄድ መንገድ ላይ ጡሩንባ በሰማች ቁጥር ልቧ እንደሚወርደው፣ አሁንም ልቧ ወረደ።

ኦቦ ዲንሳ በሩ ላይ ደረሱ። "ታተመ?"

"ሊነሣ አልቻለም።"

"ጽሑፉስ?"

"ውስጡ ነው።"

ኦቦ ዲንሳ ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩት። "እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ" አሉ። "የኔ በሬ አልነሣም ሲል ጅራቱን እጠመዝዘዋለሁ። ይሄ ጅራት የለውም?"

"ኧረ ኦቦ ዲንሳ፣ በእግዜር፣ አሁን አያስቁኝ።"

ከጠረጴዛው ሥር በጨርቅ የተሸፈነ የጽሕፈት መኪና አላት፤ ሥራ የጀመረችበት ነው። ጨርቁን ገለጥ አደረገችና መልሳ ጣለችው። መኪናው የአማርኛ ነው፤ ቁቤ አያውቅም። መንገዱን ተሻግራ እንደሷ ለሰው ጽሑፍ ወደምትጽፈው ሽታዬ ቤት ሄደች። ሽታዬ ከተማሪዎች መሐል አንገቷን ብቅ አደረገች።

"ሽታዬ፣ እባክሽ ማሽንሽን ለአንድ ሥራ..."

"ነጻው ምን ሆነ?"

"አሞታል።"

"ምን ብዬሽ ነበር? በነጻ የመጣ ሲታመም ሐኪሙ አይገኝም!" ተማሪዎቹ ሳቁ። ሽታዬ ግን ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የምታዪው ሁሉ ወረፋ ይዟል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነዪ፤ ያን ጊዜ አስቀምጥሻለሁ።"

ፍርድ ቤቱ አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል። አምስት ገጽ እንደ አዲስ ለመጻፍ አይበቃም፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል ብላ ተመለሰች። እስከዚያው ሐሳቡን በእጇ ልታሰፍር እስክርቢቶ አነሣች።

"እስቲ ይንገሩኝ፤ እንደ ትናንቱ።"

ኦቦ ዲንሳ ጀመሩ። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ዛፉ ቦታ ለወጠ፣ ድንጋዩ ተረሳ፣ የአጎታቸው ንግግር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ትናንት እኮ እንዲህ አላሉኝም!"

"ትናንት ተናድጄ ነው የተናገርኩት አዴ። ሌሊቱን ተኝቻለሁ። ያን ንዴት ከየት ላምጣው?"

ዘርፈሽ እስክርቢቶውን ጣለች። የእሷ ንዴት ለሁለት ይበቃ ነበር፤ ግን ንዴት አይዋዋሱትም።

ለምኞት ደወለች። "የደወሉላቸው ደንበኛ..." ዘጋችው። ደወለች። ኔትወርክ የለም። ከበሩ ውጭ ወጥታ፣ መንገዱ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ቆማ ደወለች። ተነሣ።

"እማ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ" አለች ምኞት በሹክሹክታ።

"ውጪ! ሰውዬው መሬቱን ሊያጣ ነው!"

"የቱ ሰውዬ?"

"ውጪ አልኩሽ!"

ምኞት ወጣች። ዘርፈሽ ኔትወርኩ እንዳይቋረጥ እየፈራች ወደ ውስጥ ገባችና ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች።

"ምን ይላል እማ? አንብቢልኝ።"

"ጥቁር ነው።"

"ጥቁሩን አይደለም፤ ጽሑፉን።"

"ሱፐርብሎክ... ላስት ማውንት ታይም... ኢዝ ኢን ዘ ፊውቸር። ምኞት፣ ስለ ወደፊቱ ነው የሚያወራው። ጉድ ሊመጣ ነው ማለት ነው።"

ምኞት በቀስታ፣ እንደ ፖሊስ፣ ጠየቀች።

"እማዬ፣ ቀኑን ማን ነካው?"

"ማን ይነካዋል? እኔ አስተካከልኩት።"

"ምን ብለሽ?"

"ሁለት ሺህ አራት ነዋ! ስንተኛው ዓመት ላይ ነን? ሰው ወረቀት እየተመለሰበት በሬ ላይ ሲጮህ ዝም ልበል?"

"ወይኔ እማ!"

"ምን ወይኔ ትያለሽ? ራሱ ያወጣልሻል ያልሽው አንቺ ነሽ። ያወጣውስ የማንን ቀን ነው?"

"እሺ እሱ የኔ ጥፋት ነው" አለች ምኞት። "ግን ስሚኝ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ዲስኩን መጨረሻ የከፈተው መቼ እንደሆነ ያያል። በማስታወሻው ላይ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ይላል። ሰዓቱን ሲያይ ደግሞ ሁለት ሺህ አራት ይላል። ከመተኛቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ የነቃ መሰለው። አንድ ነገር ተበላሽቷል ብሎ፣ ፋይሉን እንዳያጠፋ ፈርቶ ቆመ።"

"ፈርቶ ነው?"

"ፈርቶ ነው። እንዳንቺ።"

ዘርፈሽ ስክሪኑን አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አዘነችለት። "ታዲያ ጽሑፉ አለ?"

"አለ። ቀኑን መልሺለትና ይነሣል። አጥፍተሽ አብሪው፤ ሲበራ ኤፍ ሁለትን ደጋግመሽ ምቺ። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል።"

መታች፤ ዘገየች፤ ጥቁሩ መጣ። አጥፍታ እንደገና መታች፤ አሁን ደግሞ ኤፍ ሦስትን ነው የመታችው። ኦቦ ዲንሳ ከጀርባዋ፣ "ምቺው፣ ምቺው፣ አትፍሪው" ይላሉ፤ እሷ ደግሞ "እርስዎ ዝም ይበሉ" ትላለች። በሦስተኛው ሰማያዊው ገጽ መጣ።

"መጣ! ምኞት፣ መጣ! አሁንስ?"

"አሁን ቀኑ ያለበትን..."

መብራት ጠፋ።

ዘርፈሽ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ከመንገዱ ማዶ ከሽታዬ ቤት የተማሪዎቹ "ኤጭ!" ተሰማ። እንግዲህ የዘጠኝ ሰዓቱም ተስፋ አብሮ ጨለመ። ስልኩ ውስጥ ምኞት "ሄሎ፣ ሄሎ" ትላለች።

"መብራት ሄደ" አለቻት። "ሂጂ ተማሪ። አንቺም በኔ ምክንያት ፈተና ትወድቂያለሽ፤ እሱ ነበር የቀረው።"

"እማ፣ መብራቱ ሲመጣ ያንኑ አድርጊ። ዓመቱን ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት፣ ወሩን ሦስት፤ ቀኑን በቴክስት እልክልሻለሁ። ስትጨርሺ ኤፍ አሥር። ሌላ ምንም እንዳትነኪ!"

ተጠበቀ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ኦቦ ዲንሳ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የገብስ ቆሎ ይዘግናሉ፤ ለእሷም ዘረጉላት። ቢሮው ቀድሞ ቢዘጋስ? የመዝገብ ቤቱ ሰው ለቅሶ ቢሄድስ? መብራቱ መጥቶ ፕሪንተሩ እምቢ ቢልስ? የሰው መሬት በእሷ ጣት ጠፍቶ በዚህ ከተማ በየት በኩል ትሄዳለች?

"አዴ ዘርፈሽ" አሉ ኦቦ ዲንሳ፣ "መሬቱ የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"ታዲያ ለምን ከኔ በላይ ታዝኛለሽ?"

"ያጠፋሁት እኔ ነኛ።"

"አንቺ የአገሩን ቀን ነው የጻፍሽው። የአገሩን ቀን መጻፍ ጥፋት ሆኖ ያየሁት ዛሬ ነው።" ቆሎውን ቆረጠሙ። "ግን ይነሣ። ካልተነሣ እኔም አዝናለሁ።"

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ወደ አሥር ሲጠጋ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ባንዴ ጮኸ። መብራት መጣ። ዘርፈሽ ወንበሩን ልትጥለው ነበር። አበራች፣ ኤፍ ሁለትን መታች፤ ሰማያዊው ገጽ በአንዴ መጣ። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ምኞት የላከችውን ቀን አስገባች። እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ኤፍ አሥር። አርማው መጣ። ጥቁሩን ጠበቀች፤ ለረጅም ጊዜ የጠበቀችው መሰላት። ጥቁሩ አልመጣም። ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተከፈተና የሚስጥር ቃሏን ጠየቃት።

"ተነሣ?" አሉ ኦቦ ዲንሳ።

"አያውሩ፤ እንዳይሰማ።"

ሰነዱን ከፈተች። አምስቱም ገጽ አለ፤ ዛፉም፣ ድንጋዩም፣ አጎታቸው የተናገሩትም። የትናንቱ ንዴት እንዳለ ተቀምጧል። አተመችው። ፕሪንተሩ እያቃሰተ አወጣው። ኦቦ ዲንሳ የመጀመሪያውን ገጽ አንሥተው ወደ ብርሃኑ ያዙት፤ ጽሑፉን ባያነቡም ቁጥር ያውቃሉ።

"አዴ ዘርፈሽ፣ ይሄ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ምንድን ነው?"

ዘርፈሽ ወረቀቱን ነጠቀቻቸው። ቀኑ እንደገና የፈረንጁ ሆኖ በራሱ ወጥቷል።

"በዚህ ወረቀት ከሄድን" አሉ ኦቦ ዲንሳ፣ "ይግባኙ ስምንት ዓመት አልፎታል እኮ።"

እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ስክሪኑ ማዕዘን፣ ወደ ሰዓቱ ሄደ። ጠቋሚው ደርሶ ሊነካው ነው። እጇን እንደ ጋለ ብረት መለሰችው። ሰዓቱን ተወችና ሰነዱ ውስጥ ገባች፤ ራሱ የሚወጣውን ቀን ከሥሩ ነቅላ ጣለችው፤ በቦታው የዛሬውን የየካቲት ቀን በገዛ ጣቷ ጻፈች። እንደገና አተመች፤ ለፍርድ ቤቱ፣ ለመልስ ሰጪው፣ ለባለጉዳዩ። የቤቷን በር ገርበብ አድርጋ ትታ አብራቸው ወጣች።

"አንቺ ደግሞ የት?" አሉ።

"ብቻዎን ሄደው አንድ ነገር ቢሉዎትስ?"

የተሳፈሩበት ባጃጅ ዳገቱን ሲወጣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲያስነጥስ ዘርፈሽ ሁለት ጊዜ አማተበች። ሲደርሱ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ መሳቢያውን እየቆለፈ ነበር። ወረቀቱን ተቀበለ፤ ገለጠ፤ የውሳኔውን ግልባጭ አየ፤ ከዚያ ጣቱን የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ፣ ቀኑ ላይ አሳረፈ። ጸሐፊው ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ። መሳቢያውን መልሶ ከፈተና ማኅተሙን አወጣ። ዷ! ዷ! ዷ!

"የዛሬ ባይሆን ኖሮ አልቀበልዎትም ነበር አባባ" አለ።

ውጭ ደረጃው ላይ ኦቦ ዲንሳ የራሳቸውን ግልባጭ እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ዘርፈሽ ግን ገና አላበቃችም።

"ምስክሩ ቀጠሮው ቀን ዳግም ቢታመምስ?"

"አዴ" አሉ ኦቦ ዲንሳ፣ "ዛሬ ገብቷል። የነገውን ፍርሃት ለነገ ተዪለት፤ እሱም ሥራ ይኑረው።"

ስልኳ ጮኸ። ምኞት ናት።

"ገባ እማ?"

"ገባ።"

"እልል በይ እንጂ! በቃ አሁን ኮምፒውተሩ ደኅና ነው። ደግሞ ታውቂያለሽ፣ ሚያዝያ ላይ አዲሱ ቨርዥን ይወጣል። ለፋሲካ ስመጣ አሮጌውን አንሥቼ እሱን እጭንልሻለሁ፤ እሱም በነጻ ነው..."

ዘርፈሽ ጎንበስ ብላ በኦቦ ዲንሳ እጅ ያለውን ወረቀት አየችው። ሐምራዊው ቀለም አሁንም እርጥብ ነው።

"ምኞት፣ ስሚኝ" አለች። "እዚህ የሰው መሬት ላይ የተመታ ማኅተም አለ። እሱ እንኳ ሳይደርቅ ስለ አዲስ ነገር እንዳታወሪኝ።"